ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት መሐንዲስ፤ የካዚሚር ግዞቭስኪ የሕይወት ታሪክ

መምህር የሆነ ሰው ሁሉ በሥራው ዘመን አንድ ቀን ራሱን ሳይጠይቅ የማያልፈው ነገር አለ፤ ይኸውም፥ ቤቱ ቢዘጋ፥ መጻሕፍቱ ቢወሰዱ፥ ተማሪዎቹም በየአገሩ ቢበተኑ፥ ካስተማርሁት ውስጥ ምን ይቀራል? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ የሚመልሱት እንደሆነ መልሱ እንደ መላሹ ጠባይ ይለያያል። በታሪክ ሲመረምሩት ግን አልፎ አልፎ አንድ ትምህርት ቤት በእርግጥ ተዘግቶ፥ መጻሕፍቱም ተጭነው ሄደው፥ ከተማሪዎቹም አንዱ የት እንደ ደረሰ ተጽፎ ይገኛል። ለዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ የመረጥሁት ታሪክ የዚህ ዓይነት ነው። ሰውየው ካዚሚር ግዞቭስኪ ይባላል፤ በትውልዱ ፖላንዳዊ፥ በወጣትነቱ የጦር መኰንንና አርበኛ፥ በኋላም በካናዳ አገር ስሙ የተጠራ መሐንዲስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፋቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ግዞቭስኪ በማርች 5 ቀን 1813 ዓመት የተወለደው በፖላንድ ምድር ሳይሆን በሩስያ ዋና ከተማ በሴንት ፒተርስበርግ ነው። አባቱ ፖላንዳዊ መኰንን ሲሆን በሩስያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ ያገለግል ነበር። ይህ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ፖላንድ በ1772፥ በ1793ና በ1795 ዓመት ሩስያ፥ ፕሩስያና አውስትሪያ እንደ ቅርጫ በሬ ተከፋፍለዋት ከካርታ ላይ ጠፍታ ነበርና፥ የመሳፍንቱ ልጆች ወይ በእርሻቸው ተቀምጠው ማዘን፥ ወይም የወረራቸውን ንጉሥ ደንብ ልብስ ለብሰው ማገልገል ነበረባቸው። ከዚህ ሌላ መንገድ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። የግዞቭስኪም አባት ሁለተኛውን መረጠ። ልጁን ግን ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ሩስያኛ ብቻ ወደሚነገርበት ትምህርት ቤት አላስገባውም፤ በቮሊንያ አውራጃ፥ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ክሬሜኔትስ ከተማ ላከው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የክሬሜኔትስን ትምህርት ቤት በ1805 ዓመት ያቋቋመው ታዴዎስ ቻትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መኰንንት ሲሆን፥ የትምህርቱን ሥርዓት በማውጣት የረዳው ሁጎ ኮሎንታይ የተባለ ቄስና የፖለቲካ ሰው ነበረ። አገራቸው ከጠፋች ገና 10 ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱም ሰዎች ጦር አልነበራቸውም፥ መንግሥትም አልነበራቸውም፤ የቀራቸው ትምህርት ቤት ማቋቋም ብቻ ነበረ፤ ይህንንም ያለ ስስት አደረጉት። ቻትስኪ የመጨረሻውን የፖላንድ ንጉሥ የስታኒስዋፍ አውግስጦስን ቤተ መጻሕፍት ገዝቶ ለትምህርት ቤቱ አስገባ። መጻሕፍቱ እየበዙ ሄደው ከ30 ሺህ በላይ ደረሱ። የፊዚክስ መሣሪያዎች፥ የጥንት ገንዘብ ስብስብ፥ ቤሰር የተባለው የዕፀዋት ሊቅ የሚጠብቀው ታላቅ የዕፀዋት ቦታም ነበረው። በአጠገቡም የመሬት ቀያሾችና የመካኒኮች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ታሪክ ጸሐፊው ዮአኪም ሌሌቬል በዚያ አስተምሯል፤ ባለቅኔው ዩሊዩሽ ስሎቫትስኪም ከዚያው ትምህርት ቤት መምህር ተወልዷል። በ1819 ዓመት ገደማ ሊሴ የሚል ስም ተሰጠው። ግዞቭስኪ በዚህ ሊሴ ውስጥ ስምንት ዓመት ያህል ተቀምጦ ቋንቋዎችን፥ ሒሳብን፥ የሥዕልና የንድፍ ሥራን ተማረ። የጨዋ ልጅ ሊያውቀው ይገባል የሚባለውን የሰይፍ ግጥሚያም ሳይቀር ለመደ።

በ1830 ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ በሩስያ ሠራዊት ውስጥ በመሐንዲሶች ክፍል ገባ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 29 ሌሊት በዋርሶ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖች ተነሡና ዐመፁ ተጀመረ። ግዞቭስኪ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበረ። ለዛር የማለው መሐላ ገና አልደረቀም፤ አባቱም የዛር መኰንን ነበረ። እንዲህም ሆኖ ወደ ወገኖቹ ተሻገረ። ይህን ውሳኔ በምን ሐሳብ እንደ ወሰነው መተንተን ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በንጉሡ መጻሕፍት መካከል የተቀመጠ ልጅ ሌላ ነገር ቢያደርግ ይደንቅ ነበር እላለሁ።

የተሰለፈው ከጄኔራል ድቬርኒትስኪ ጦር ጋራ ነው። ይህ ጄኔራል በፌብሩዋሪ 1831 በስቶቼክ ላይ የሩስያን ጦር ድል ነሥቶ መድፎች ማርኮ ስለ ነበረ ስሙ ገንኖ ነበር። በአፕሪል ወር አገሩን ለዐመፅ ለማስነሣት ወደ ቮሊንያ፥ ማለት የግዞቭስኪ ትምህርት ቤት ወዳለበት አውራጃ ዘመተ። የሩስያ ጦር ግን በብዛት መጥቶ ከበበውና በአፕሪል 27 ቀን 1831 ሠራዊቱን ይዞ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አውስትሪያ ግዛት ገባ። አውስትሪያውያንም መሣሪያቸውን ተቀብለው አሰሩአቸው። የግዞቭስኪ ጦርነት በዚህ አበቃ፤ ከጥቂት ወራት አላለፈም።

እስራቱ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። አውስትሪያ እስረኞቹን ለዛር አሳልፋ መስጠት አሳፈራት፤ በአገርዋ መልቀቅም አስፈራት። በመጨረሻ ወደ ሩስያ ከመመለስና ወደ አሜሪካ ከመሄድ አንዱን ይምረጡ ተባለ። በኖቬምበር 1833 ከትሪየስት ወደብ በሁለት የጦር መርከቦች ተጫኑ፤ ክረምቱን በሙሉ በባሕር ላይ ከርመው ማርች 28 ቀን 1834 ኒው ዮርክ ደረሱ። ቁጥራቸው 234 ነበረ።

በዚህ ጊዜ ክሬሜኔትስ ምን ሆና ነበር? ዐመፁ እንደ ከሸፈ የሩስያ መንግሥት ሊሴውን ዘጋው። መጻሕፍቱ፥ የጥንቱ ገንዘብ፥ የፊዚክሱ መሣሪያ፥ ከምድር የተነቀሉት ዕፀዋት ሳይቀሩ ወደ ኪዬቭ ተወሰዱ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ አብረው ተዛወሩ። በዚህም ሀብት የቅዱስ ቭላዲሚር ዩኒቨርሲቲ በኪዬቭ ተቋቁሞ በ1834 ዓመት ተከፈተ። ተማሪው ኒው ዮርክ ላይ በወረደበት ዓመት የተማረባቸው መጻሕፍት በሌላ ከተማ መደርደሪያ ላይ ይደረደሩ ነበር ማለት ነው። ኪዬቭ ዩኒቨርሲቲ ማግኘትዋን ማንም መምህር አይጠላም፤ የተገኘበት መንገድ ግን ለአንዱ ልደት ለሌላው ቀብር ነበረ።

ከ234ቱ ስደተኞች አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር፤ ግዞቭስኪም አያውቅም። የአሜሪካ ምክር ቤት አዝኖላቸው በጁን 30 ቀን 1834 ባወጣው ሕግ በኢሊኖይ ወይም በሚሺጋን ግዛት 36 ሴክሽን መሬት ሰጣቸው። የመረጡት መሬት ግን አስቀድመው በሰፈሩ ሰዎች እጅ ሆኖ ተገኘና ነገሩ ዓመታት ከተጓተተ በኋላ ስደተኞቹ እጃቸው ላይ ምንም ሳይገባ ቀረ። በወረቀት የተሰጠ መሬት እንዲህ ያለ ጠባይ አለው።

የ21 ዓመቱ ግዞቭስኪ መሬት አልጠበቀም። የነበረው ሀብት በራሱ ውስጥ ያለው ብቻ ነበርና በዚያው ጀመረ፤ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ፥ ሥዕልና የሰይፍ ግጥሚያ ለሚማሩ ሰዎች በክፍያ ያስተምር ጀመር። የመጀመሪያ እንጀራውን የበላው በመምህርነት ነው። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ መስመር አልፈው ወደ ድልድዩ ይቸኩላሉ፤ ለእኔ ግን ከድልድዩ አያንስብኝም። ቋንቋ እያስተማረ ራሱ እንግሊዝኛ ተማረ። ወደ ማሳቹሴትስ ግዛት ወደ ፒትስፊልድ ከተማ ሄዶ ከአንድ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ቀን ሕግ እየተማረ ማታ ማስተማሩን ቀጠለ፤ በ1837 ዓመትም የጥብቅና ፈቃድ ተቀበለ። ቋንቋውን ሳያውቅ በወረደበት አገር በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያው ቋንቋ ሕግ ተመርምሮ ማለፉ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ መግለጽ አይቻልም። ሌላ ቋንቋ እንዴት እንደሚጠና አስቀድሞ ያስተማሩት ነበሩ።

በትምህርት ሰዎች መካከል ሁልጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ልጁ ቶሎ እንጀራ እንዲያገኝ አንድ ሙያ ይማር ይላል፤ ሌላው ወገን ሰፊ ትምህርት ይሰጠው ይላል። ክሬሜኔትስ ሁለቱንም ይዛ ነበር። ቀያሾቹን ለየብቻ እያስተማረች በሊሴው ውስጥ ደግሞ ሰፊውን ትምህርት ትሰጥ ነበር። ግዞቭስኪ የወጣው ከሰፊው በኩል ነው፤ አራት ጊዜም ሙያ ለወጠ፤ ወታደር፥ መምህር፥ ጠበቃ፥ በመጨረሻም መሐንዲስ ሆነ። ይህን አንድ ምስክር አድርጌ ባቀርበው ክርክሩን ይጨርሰዋል አልልም። ከእርሱ ጋራ በመርከቡ ላይ ከነበሩት የተማሩ ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸው ሳይሰማ ቀርተዋልና።

የጥብቅና ሥራ ብዙ አልያዘውም። ወደ ፔንሲልቫኒያ ተዛውሮ ዊልያም ሚልኖር ሮበርትስ በተባለ የታወቀ መሐንዲስ ሥር በመርከብ ቦዮችና በባቡር ሐዲድ ሥራ ገባ። ያን ጊዜ አሜሪካ ቦይ የምትቆፍርበትና ሐዲድ የምትዘረጋበት ዘመን ስለ ነበረ፥ ሒሳብ የሚያውቅና ንድፍ የሚያነሣ ሰው በየቦታው ይፈለግ ነበር። በ1839 ዓመት የአንድ ሐኪም ልጅ የሆነችውን ማሪያ ቢቢን አገባ።

ወደ ካናዳ የተሻገረው ለዌላንድ ቦይ ማስፋፊያ የሥራ ውል ለመጠየቅ ነበር። በ1842 ዓመት የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሰር ቻርልስ ባጎት ሲሆን፥ ይህ ሰው አስቀድሞ በሴንት ፒተርስበርግ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ኖሯል። እንደሚነገረው የግዞቭስኪን ቤተ ሰብ በዚያ ያውቅ ነበረና ወጣቱን በካናዳ እንዲቀመጥ መከረው፤ በመንግሥት ሥራ ክፍልም በምዕራቡ አውራጃ የመንገዶችና የወደቦች ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ስለዚህ የዕድሉን ምንጭ ሁሉ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ብንሰጥ ታሪኩን ማጣመም ይሆናል። የአባት ወዳጅነትና የመልካም አጋጣሚም ድርሻ አለበት። ቢሆንም ባጎት በ1843 ዓመት ሞተ፤ ግዞቭስኪ ግን እስከ 1848 ድረስ በዚያ ሥራ ላይ ቈየ፤ የሞተ ደጋፊ አምስት ዓመት አያቆምምና። በእነዚያ ዓመታት በጭቃና በደን የተያዘውን አገር በፈረስ እየዞረ በሳንቃ የሚነጠፉ መንገዶችን አሠራ፥ ድልድይ አስተከለ፥ የሐይቅ ወደቦችን አስጠረገ። በ1846 ዓመት የእንግሊዝ ዜግነት ተቀበለ።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የባቡር ዘመን ነው፤ ግዞቭስኪንም ባለጸጋ ያደረገው ይህ ነው። በ1853 ዓመት ከአሌክሳንደር ጎልት፥ ከሉተር ሆልተንና ከዴቪድ ማክፈርሰን ጋራ በስሙ ኩባንያ አቋቁሞ ከቶሮንቶ እስከ ሳርኒያ ያለውን የግራንድ ትራንክ ሐዲድ ለመሥራት ተዋዋለ። ከቶሮንቶ በስተ ምሥራቅ እስከ ሞንትሪያል ያለውን ክፍል የያዙት የታወቁት የእንግሊዝ ሥራ ተቋራጮች ሲሆኑ፥ እነዚያ ብዙ ገንዘብ ከሰሩ፤ የግዞቭስኪ ኩባንያ ግን አተረፈ። እንግሊዛውያኑ ሥራውን እንደ አገራቸው ልማድ ይሠሩ ነበር፤ እርሱ ግን ስድስት ዓመት በፈረስ ሲዞርበት የኖረውን መሬት ያውቀው ነበር። ደግሞም እውነቱን መሸሸግ አይገባምና፥ ትርፉ ሁሉ ከእውቀት ብቻ አልመጣም። ሸሪኮቹ የፖለቲካ ሰዎች ነበሩ፤ ጎልትም በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኗል። ሕግ አውጪውና ተቋራጩ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ሕዝብ ማጉረምረሙ አይቀርም። ኩባንያው በ1850ዎቹ ዓመታት ውስጥ የቶሮንቶን የሐይቅ ዳር ሥራ በያዘ ጊዜ ክርክሩ በርትቶ ውሉ ፈርሷል። ሐዲዱ በሚያልፍበትም ቦታ መሬት እየገዛ መሸጡ ከትችት አላዳነውም። መሬት ተሰጥቷቸው ሳያገኙት ከቀሩት ስደተኞች አንዱ በመሬት መክበሩን ሳስብ እኔ ራሴ ዝም እላለሁ።

በ1860 ዓመት ገደማም በቶሮንቶ ያረጀውን የብረት ሐዲድ አቅልጦ እንደ ገና የሚያወጣ ፋብሪካ አቋቁሞ ነበር። ይህ ከአረብ ብረት የተሠራ ሐዲድ እስኪመጣ ድረስ አገልግሏል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ግን ከፍ ብሎ የሚታየው በኒያጋራ ወንዝ ላይ ፎርት ኤሪን ከቡፋሎ የሚያገናኘው ዓለም አቀፍ የሚባለው የባቡር ድልድይ ነው። አንባቢ ኒያጋራን የሚያውቀው በፏፏቴው ነው። ከፏፏቴው በታች ወንዙ በጠባብና በጥልቅ ገደል ስለሚያልፍ፥ ሮብሊንግ የተባለው መሐንዲስ በ1855 ዓመት ከገደል እስከ ገደል በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ዘርግቶበታል። ከፏፏቴው በላይ፥ ወንዙ ከኤሪ ሐይቅ በሚወጣበት በኩል ግን፥ ገደል የለም፤ ውሃው ሰፊ ሆኖ በሜዳ መካከል ይሮጣል። ስለዚህ ድልድዩን ለመሸከም በወንዙ ውስጥ የድንጋይ ምሰሶ መትከል ግድ ነበር። እስከዚያ ድረስ የባቡር ጋሪዎች በጀልባ ይሻገሩ ነበር፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ደግሞ ጀልባው ይታገዳል።

ሥራው በ1870 ዓመት ተጀመረ። ምሰሶውን ለመትከል ታች የሌለው ታላቅ የእንጨት ሣጥን ሠርተው ወደ ቦታው ያንሳፍፋሉ፤ በወንዙ ወለል ላይ ያሰምጡታል፤ ግርጌውን በሲሚንቶ በተቦካ ጠጠር ደፍነው ውሃውን ከመጠጡ በኋላ ድንጋዩን በደረቅ ይገነባሉ። ሲጽፉት ቀላል ነው። ነገር ግን ወንዙ ፈጣን ስለ ሆነ ሣጥኑን ይዞ ማቆም ራሱ ትግል ነበር። በጸደይ የሐይቁ በረዶ እየተሰበረ እንደ ቤት የሚያህል ክምር ሆኖ ይወርድባቸዋል፤ ከላይ የሚለቀቁ የግንድ ታንኳዎችም መጥተው ይጋጫሉ። ከሁሉ የከፋው ነፋሱ ነበር። ኤሪ ሐይቅ ረጅምና ጥልቀቱ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ በበረታ ቁጥር ውሃውን ሁሉ ወደ ቡፋሎ ይገፋዋል፤ ወንዙም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ጫማ ከፍ ይላል፤ ነፋሱ ሲያርፍ ደግሞ ይሸሻል። ጠዋት የለኩት ጥልቀት ማታ አይገኝም። በእንዲህ ያለ ቦታ ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራው በተስፋ ነው፤ መሐንዲሱ ግን በልክ መሥራት አለበት።

ድልድዩ መርከቦችን የሚያሳልፍ የሚዞር ክፍል ጭምር ይዞ በ1873 ዓመት አለቀ፤ ወጭውም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ግዞቭስኪ በዚያው ዓመት የሥራውን አካሄድ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፎ በቶሮንቶ አሳተመ። ከብዙ መሐንዲሶች የሚለየው ይህ ነው እላለሁ። ችግሩን ያየ ሰው ለሚቀጥለው ሰው ካልጻፈለት፥ የሚቀጥለው ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል። የላይኛው ብረት በኋላ ዘመን የታደሰ ሲሆን፥ ባቡር እስከ ዛሬ በዚያ መሥመር ይሻገራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕድሜው የሹመትና የክብር ዘመን ስለ ሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የካናዳ የጠመንጃ ተኳሾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በሌተና ኮሎኔልነት ማዕርግም በ1879 ዓመት የንግሥት ቪክቶሪያ የክብር የጦር ረዳት ተባለ። በ1890 ዓመት ሰር የሚያሰኘውን የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን ተቀበለ። በ1896ና በ1897 የኦንታሪዮን ግዛት በንግሥቲቱ እንደራሴ ፈንታ አስተዳደረ። በአንድ ንጉሠ ነገሥት ላይ ሰይፍ የመዘዘው ወጣት በሽምግልናው የሌላ ንግሥት እንደራሴ ምትክ ሆነ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ክህደት ሊያየው ይችላል። እኔ ግን በመሐላው መካከል ልዩነት አያለሁ፤ የመጀመሪያው ሳይጠየቅ በልደት የተጫነበት ነው፥ ሁለተኛውን በ33 ዓመቱ ቆሞ በፈቃዱ የማለው ነው።

ሁለት ነገር ግን ከኒሻኖቹ ተለይተው መነገር አለባቸው። የመጀመሪያው በ1887 ዓመት የተቋቋመው የካናዳ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ነው። ግዞቭስኪ ከ1889 እስከ 1891 ድረስ ፕሬዚዳንት ሆኖ መራው፤ ለመልካም የሙያ ጽሑፍ የሚሰጥ ሜዳይም በስሙ እንዲቋቋም ገንዘብ ሰጠ። ሁለተኛው የኒያጋራ የአትክልት ስፍራ ነው። በዚያ ዘመን በፏፏቴው ዙሪያ ያለው መሬት በነጋዴዎችና በአጭበርባሪዎች ተይዞ፥ መንገደኛው እግዚአብሔር የፈጠረውን ውሃ ለማየት በየአጥሩ ገንዘብ ይከፍል ነበር። የኦንታሪዮ መንግሥት በ1885 ዓመት ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚሲዮን አቁሞ ግዞቭስኪን ሊቀ መንበር አደረገው። መሬቱ ከባለቤቶቹ ተገዝቶ፥ አጥሩ ፈርሶ፥ ሜይ 24 ቀን 1888 ስፍራው ያለ ክፍያ ለሕዝብ ተከፈተ። እስከ 1893 ድረስ በዚህ ሥራ ላይ ቆየ። በመሬት ንግድ የከበረው ሰው በመጨረሻ ከንግድ ያወጣው መሬት ይህ ነው።

ሰር ካዚሚር ግዞቭስኪ በኦገስት 24 ቀን 1898 ዓመት በቶሮንቶ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። የልደት አገሩ ያን ጊዜም በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ነፃነትዋን ያገኘችው ከ20 ዓመት በኋላ በ1918 ነው። በተወለደ በ150ኛው ዓመት፥ በ1963፥ የካናዳ ፖስታ መሥሪያ ቤት ምስሉን በአምስት ሳንቲም ቴምብር ላይ አተመ።

የክሬሜኔትስ ሊሴም በ1920 ዓመት በማርሻል ፒልሱድስኪ ትእዛዝ እንደ ገና ተከፍቶ እስከ 1939 ድረስ አስተምሯል። ቻትስኪ የገዛው የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ዛሬ በኪዬቭ በቬርናድስኪ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።